ዓርብ ንጋት ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ፦ እንጀራም ሽሮም የማይበላ ሰው ምን ስንቅ ይያዝ?

ጣና_ዳር (ረቡዕ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የአጎቴ ልጅ ታገባለች። ሰርጉ አዲስ አበባ ነው፣ እሑድ። እኔ የምነሳው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ በአውቶቡስ። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል። ያልተሰናዳው ሆዴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ሆዴ አሰቃየኝ። መነፋት፣ ቁርጠት፣ አንድ ሳምንት ድርቀት፣ አንድ ሳምንት ተቅማጥ። ለጃርዲያ ታከምኩ። ለጨጓራ ባክቴሪያ ታከምኩ። የሴሊያክ (ግሉተን፣ ማለትም የስንዴና የገብስ ፕሮቲን፣ አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ ተባልኩ። በመጨረሻ ውጭ ያለችው እህቴ ጋፕስ የሚባለውን አመጋገብ ላከችልኝ፤ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ናታሻ ካምቤል ማክብራይድ የሚባሉ ሐኪም ያወጡት ነው። እህል የለም። ጤፍም እህል ነው፣ ስለዚህ እንጀራ ቀረ። ድንች፣ ስኳር፣ ሽሮ፣ ሁሉም ቀረ። የሚበላው የአጥንት መረቅ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ በደንብ የተቀቀለ ካሮት፣ ዝኩኒና ዱባ፣ የተብላላ ጥቅል ጎመን ነው። አራት ወር ሆነኝ። ተሽሎኛል።

ቤቴ ስሆን ችግር የለም፣ ድስቴ ከምድጃ አይወርድም። መንገዱ ግን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቀኑ ደግሞ ዓርብ። ለምሳ የምንቆምበት ቤት ያለው በያይነቱ ነው። በያይነቱ ማለት ለእኔ ክልክል በየዓይነቱ ማለት ነው። ሕመሙ በጠናብኝ ጊዜ የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኝ ነበር። አሁን ተሽሎኝ ሳለ እንቁላል ይዤ ዓርብን መሻር አልፈለግሁም። ዓሣ እበላለሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አታምጡብኝ።

ምን ልያዝ?

ሾፌር_ነበርኩ

እህቴ፣ ያንን መስመር ለብዙ ዓመት ነድቼዋለሁ። ምግቡን አላውቅም፣ መንገዱን ልንገርሽ። ስንቅሽን በመድረሻ ሰዓት አትለኪው። ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም እያልሽ ደብረ ማርቆስ ትደርሻለሽ፤ እስከዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ጉዱ ያለው ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ናት። በቁጥር ትንሽ ናት። አንድ ተሳቢ ጥምዝ ላይ ከተገተረ ግን እዚያው ልትውይ ትችያለሽ፣ ሙቀቱ ደግሞ ሌላ አገር የገባሽ ያስመስላል።

ምግቡን ከሥር ባለው የሻንጣ ቦታ አትስጪ፤ ይጋላል። እግርሽ ሥር ያዢው። ወንበር ምረጪ ካሉሽ በግራ በኩል ተቀመጪ። ጠዋት ፀሐዩ ይመታሻል፣ ግን ገና ብርድ ነው። በረሃው ላይ ስትደርሺ ወደ ቀኝ አዘንብሏል።

የደጋ_ልጅ

ይቅርታ ግን ይሄ የሀብታም በሽታ አይደለም? አያቶቻችን በሶ በጥብጠው አድዋ ዘምተዋል።

ጣና_ዳር

የደጋ ልጅ፣ አድዋ አልዘምትም፣ ሰርግ ነው የምሄደው። በሶው ደግሞ ገብስ ነው።

እማማ_ጎጃም

አንች ልጅ፣ እንዴት አለሽ? ልጄ ናት ይህን የምታነብልኝ፣ እኔ እየተናገርኩ እሷ ትጽፋለች። እግዜር ይማርሽ። በሶም አይሆን፣ ቆሎም አይሆን፣ ዳቦ ቆሎም አይሆን ካልሽ ምን ቀረሽ? ድርቆሽም እንጀራ ነው።

ቆይ ግን። ባለቤቴ ነጋዴ ነበር፣ ስንቅ ስሠራለት ነው የኖርኩት። ስንቅ የሚቆየው እህል ስለሆነ አይደለም። ደረቅ ስለሆነ ነው። በሶው የተቆላ ነው፣ ድርቆሹ ፀሐይ የጠጣ ነው፣ ቋንጣው ተሰቅሎ የከረመ ነው። እርጥብ ወጥ በአገልግል ይዞ ሩቅ አገር የሚሄድ የለም፤ ያ ለጥየቃ ነው፣ ለቅርብ ነው። አንች የምትበይውን ሁሉ ስሰማው መረቅ፣ ቅቅል፣ ጎመን፣ ሁሉም ውሃ ነው። ውሃውን አውጭለት።

የምግብ_ባለሙያ

እማማ በአንድ አንቀጽ ጨረሱት። ሥነ ምግብ ያጠናሁ ነኝና ትንሽ ልጨምር።

የበሰለ እርጥብ ምግብ ያለ ፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመከራል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። መረቅ ለእኛ ምግብ እንደሆነው ለባክቴሪያም ምግብ ነው፣ ለብ ሲል ደግሞ ይመቻቸዋል። በፔርሙዝ ከያዝሽው መጀመሪያ ፔርሙዙን በፈላ ውሃ አሙቂው፣ ውሃውን ድፊው፣ መረቁን እየፈላ ሙይው። ከ60 ዲግሪ በላይ እስካለ ችግር የለም። ከፍተሽ ስትቀምሺው ለብ ብሎ ካገኘሽው ድፊው፣ አትሳሺ።

ደስ የማይልሽን ነገርም ልበል። ጋፕስ አንጀትን ያድናል ለሚለው ጠንካራ ማስረጃ የለም። ተሽሎሻል፣ አምንሻለሁ፤ የተሻለሽ ግን ከተውሻቸው ነገሮች አንዱን ወይም ሁለቱን በመተው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆድ ለሚነፋውና ለሚቆርጠው ሰው የተሻለ የተጠናው በሜልበርን የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ሎው ፎድማፕ ነው፤ አንጀት ውስጥ የሚብላሉ የስኳር ዓይነቶችን የሚቀንስ አመጋገብ። እሱ ምግቦቹን የሚያስቀርብሽ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስሽ ጠላትሽን ትለያለሽ። ሁለቱ መንገዶች ደግሞ አይስማሙም። ጋፕስ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ ብሉ ይላል፤ ሎው ፎድማፕ የበሰለውን ተዉ፣ ጠንከር ያለውን ብሉ ይላል። ጋፕስ ማርና ነጭ ሽንኩርት ይፈቅዳል፤ ሌላው ሁለቱንም ይከለክላል። ስለዚህ እዚህ ሰው ሙዝ ያዢ ሲልሽ የትኛውን ሙዝ ብለሽ ጠይቂ።

ጣና_ዳር

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። በኋላ ደግሜ አነበብኩት። ከሰርጉ መልስ አንድ በአንድ መመለሱን አስብበታለሁ፣ አሁን ግን መንገድ ልሄድ ስል ሆዴ ላይ ሙከራ አልጀምርም።

እማማ፣ ውሃውን አውጭለት ያሉኝ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሥጋውን ገባኝ፣ ቋንጣ ነው። ዓርብ ባይሆንም ለቅዳሜና ለእሑድ ይሆነኛል። ዓሣውንስ? መረቅን እንዴት ነው የማደርቀው?

ታንኳ

ለዓሣው እኔ አለሁልሽ። ሐይቁ ዳር ነው ያደግሁት። በማለዳ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ውረጂ። ቆሮሶ ግዢ፣ አምባዛ ተይ፤ አምባዛ ቅባት ስላለው ለማድረቅ አስቸጋሪ ነው፣ ቶሎ ይሸታል። እዚያው ያስገፍፉልሻል። ሥጋውን ቀጭን አድርጊና ጨው እሺው፣ አንድ ሌሊት ይደር፣ ከዚያ ስቀዪው። የእኛ አገር የደረቀ ዓሣ እኮ እስከ ሱዳን ይሄዳል፣ አንቺ አዲስ አበባ ማድረስ ያቅትሻል?

ዝንቡ ነው ፈተናው። አጎበር ጣይበት። ከወባ የተረፈ አሮጌ አጎበር ካለሽ፣ መድኃኒት ያልተነከረ መሆኑን አረጋግጠሽ፣ አጥበሽ ተጠቀሚ። ካላመንሽው አዲስ የመጋረጃ ስስ ጨርቅ ይሻላል። አሁን በጋ ነው፣ ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል። ክረምት ላይ ብትጠይቂኝ አይሆንም እልሽ ነበር፤ ከሐይቁ በሚነሳው እርጥበት ይሻግታል።

ጭንቅላቱንና አጥንቱን ደግሞ አትጣዪው። መረቅሽ እሱ ነው።

ግሽ_ዓባይ_ሰፈር

እኔ መረቅ በሃይላንድ ላስቲክ አስቀምጬ ፍሪዘር ውስጥ እንዲረጋ አድርጌ እይዛለሁ። እንደ በረዶ ሆኖ ሌላውንም ምግብ ያቀዘቅዝልኛል። እስከ አፉ አትሙዪው፣ ሲረጋ ያብጣል፣ ላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። አንድ ችግር ብቻ አለ። መብራት። ባለፈው ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አደረ፣ ጠዋት ሳወጣው ሾርባ ነው።

የምግብ_ባለሙያ

ለማድረቁ፦ መረቁን አጥልለሽ፣ ስቡን ገፈሽ፣ በዝግታ እሳት እስኪወፍር አንድጂበት። ሲቀዘቅዝ እንደ ማስቲካ ይሆናል። በትሪ ላይ አፍስሰሽ ቆራርጠሽ አየር ላይ አድርቂው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች እንዲህ ያለ የመረቅ ቁራጭ ይይዙ ነበር፣ ፈጠራው የእኔ አይደለም። ጨው መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ አትጨምሪ፤ ውሃው ሲያልቅ ጨው ብቻ ይሆንብሻል። እስክትሄጂ ፍሪጅ ይቀመጥ። መንገድ ላይ ሻይ ቤት ገብተሽ የፈላ ውሃ ትጠይቂያለሽ፣ አንድ ቁራጭ ትጨምሪያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ። ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ያዢ። ስኳር አለበት ብለሽ እንደማትፈልጊው ገምቻለሁ። በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ አለበት፣ እውነት ነው። ግን ለማጣፈጫ አይደለም፤ አንጀት ጨውንና ውሃን የሚስበው ከግሉኮሱ ጋር አብሮ ነው። ተቅማጥ በረሃ ላይ ከያዘሽ አመጋገብሽን ሳይሆን ራስሽን አድኚ።

ሾፌር_ነበርኩ

የፈላ ውሃ በነጻ አትጠይቂ። ሻይ እዘዢ፣ ሻዩን ለጎረቤትሽ ስጪ።

ሚዜ_ሦስት_ጊዜ

ሁላችሁም ስለ አውቶቡስ ታወራላችሁ። ዋናው ጦርነት ሰርጉ ነው! ጉርሻውን እንዴት ልታመልጪ ነው? እኔ ግሉተን ስለማይስማማኝ ሦስት ሰርግ ላይ ተፈትኛለሁ። ምክሬ፦ "ዳይት ላይ ነኝ" እንዳትዪ። ዳይት ካልሽ ሰው መክሳት የፈለግሽ ይመስለዋል፣ "ምን አለሽና!" ይልና ድርብ ጉርሻ ያመጣብሻል። "አንጀቴ" ብለሽ ማስረዳት ከጀመርሽም ጠረጴዛው ሁሉ ሐኪም ይሆናል፣ አንዱ ፌጦ ሌላው ጸበል ያዝልሻል። "ሐኪም ከልክሎኛል" በይ። ሦስት ቃል አትሞላም። ሁሉም ዝም ይላል።

ሳህንሽ ባዶ እንዳይሆን። ባዶ ሳህን ያየች አክስት አታርፍም።

የደጋ_ልጅ

ቁርጥ ብትበላስ? እህል የለበት፣ ስኳር የለበት።

የምግብ_ባለሙያ

እህል የለበትም። ኮሶ ግን ሊኖርበት ይችላል። ጥብስ በደንብ ይብሰልላት።

እማማ_ጎጃም

ቋንጣውን በበርበሬ እንዳትለውሽው። በርበሬ ውስጥ ምን እንዳለ አንች ታውቂያለሽ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ ቅመሙ። ለታመመ ሆድ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይበቃዋል። ስቡን ግፈፊው፣ ስብ ይከረፋል።

ጣና_ዳር (ሐሙስ ማታ)

ነገ ንጋት ነው። ሁሉ ነገር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ እናቴ እያየች "ለሰርግ ነው ለዘመቻ?" ትለኛለች።

የዓሣው ነገር ተሳክቷል። አጎበሩን አላመንኩትም፣ የመጋረጃ ጨርቅ ገዛሁ። ዛሬ በምጣድ ጠበስኩት፣ ደረቀ፣ እንደ ቺፕስ ነው። መረቁ ጉድ ነው። የስድስት ቆሮሶ ጭንቅላት በሦስት ሊትር ውሃ፤ አጥልዬ ማታውን ሙሉ አነደድኩበት፣ የቀረኝ አንድ የቡና ስኒ የማይሞላ ቡኒ ነገር ነው። ቤቱ በሙሉ ወደብ ወደብ ይሸታል። ቁራጮቹን በፎይል ጠቅልያለሁ። ያልበሰለ አቮካዶ አራት፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ቢላዋ። ካሮትና ዱባ ቀቅዬ ይዣለሁ፣ እሱ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ያልቃል። የከብት ቋንጣው ለቅዳሜ በሌላ ቦርሳ። ኦአርኤስ ሁለት ፓኬት፣ ተሸንፌ። ሙዝ ነጠብጣብ ያለው፣ እያወቅሁ።

የተብላላ ጥቅል ጎመንም በብርጭቆ ማሰሮ አለኝ። እሱን ሳልይዝ አልወጣም።

የምግብ_ባለሙያ

ማሰሮውን እስከ አፉ አትሙዪው።

ጣና_ዳር (ማክሰኞ)

ተመለስኩ። ከየት ልጀምር።

የምግብ ባለሙያ፣ መልእክትህን ያየሁት ዳንግላ ላይ ነው። ማሰሮው እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 በላይ። አየሩ ሲሳሳ የጎመኑ ጋዝ መውጫ ፈለገ። እንጅባራን ሳናልፍ እግሬ ሥር "ጽስስ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሽታው። ያልበላው ሰው ይህን ሽታ አያውቀውም፣ ግን ምን እንደሚመስል ሁሉም ሰው ያውቃል። ከኋላ ያለች ሴትዮ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አንዱ ሕፃን ያላትን እናት ገላመጣት። እሷ ምስኪን የልጁን ዳይፐር ከፍታ ማየት ጀመረች! ረዳቱ እያሸተተ በመሃል መንገዱ መጣ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ውሃው ጫማዬን አርሶታል። "ምንድን ነው?" አለኝ። "መድኃኒት ነው፣ ሐኪም ያዘዘልኝ" አልኩት። ሚዜ ሦስት ጊዜ፣ እግዜር ይስጥህ። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ፣ ላስቲክ ፈልጎ አመጣልኝ። ቡሬ ላይ ወርጄ ጣልኩት።

ልጁን ይዛ የነበረችውን እናት ግን ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀች። ሙዙን ለልጇ ሰጠሁት።

ምሳ ላይ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ አዝዤ የፈላ ውሃ ለመንኩ። ልጅቷ ሳትጠይቀኝ አመጣችልኝ። አንድ ቁራጭ ጣልኩበት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት። የዓሣውን ጥብስ ሰባብሬ ነከርኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቤቴ ከሠራሁት ሁሉ ይሻላል። ሻዩን አጠገቤ ለተቀመጡ አባት ሰጠሁ። እሳቸው በያይነቱ እየበሉ ኖሮ ለእኔ ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ዘረጉ። "ሐኪም ከልክሎኛል አባባ።" "ምን ከለከለሽ?" "እህል።" ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ጎመኗን" ብለው ያለ እንጀራ በጣታቸው ጎመን ቆንጥረው አጎረሱኝ። ሽንኩርት ነበረበት፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። በላሁት። ምንም አልሆንኩም።

በረሃው ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመናል፣ ሾፌር ነበርኩ እንዳሉት ተሳቢ ነው። በግራ በኩል ነበርኩ። አቮካዶዬ በሙቀቱ ለስልሶ ጎሐ ጽዮን ላይ ልክ ለመበላት ደረሰ።

ሰርጉ ላይ ጥብስ በደንብ አስበስዬ በላሁ፣ ቋንጣዬን ደግሞ አክስቶቼ ጨረሱብኝ። እያንዳንዳቸው "እስኪ ልቅመሰው" እያሉ።

እማማ_ጎጃም

እሰይ። ጎመኗ ካልጎዳችሽ ከእሷ ጀምሪ እንግዲህ።

የምግብ_ባለሙያ

እኔም ይህን ልጽፍ ነበር። ጎመን በትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ቀን፣ ሌላ ምንም አዲስ ነገር ሳትጨምሪ። የሚሰማሽን ጻፊ። ክብደትሽ እየቀነሰ ከሄደ፣ ደም ካየሽ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ሕመም ካለ ግን ሙከራውን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጣና_ዳር

እሺ። ዛሬ ማታ ጎመን ገዝቻለሁ። ቀይ ሽንኩርቷን ግማሽ ብቻ።

ታንኳ

የመጋረጃውን ጨርቅ አትጣዪው። በሚቀጥለው ወር ጎንደር የምሄድበት ጉዳይ አለኝ፣ እዋሰዋለሁ።